ጂፒኤሱን የት እንስቀለው?

ሰሞኑን ከሐዋሳ እስከ ናይሮቢ የማገኛቸው እህቶች ሁሉ ጥያቄያቸው አንድ ሆኗል። «ለመኪናው ጂፒኤስ ልገዛ ነው፤ የቱ ይሻላል?» ይሉኛል። ስለ ዋጋና ስለ ምርጫ ሲነሳ ሁላችንም አዋቂ ነን። የት ይሰቀል፣ ማን አውቆት ይገጠም ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። በእኔ ልምድ ሰውና ንብረት የሚጎዳው ደግሞ በዚህኛው በኩል ነው።

የንግድ ሥራ ዲፕሎማዬን ስማር አስተማሪያችን «ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት የሚሠራላችሁን ሥራ በወረቀት ጻፉ» ይሉን ነበር። በጂፒኤስ ስም የሚሸጡልን ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። አንደኛው መንገድ ጠቋሚ ነው፤ ስክሪን አለው፣ ሾፌሩ ያየዋል። ብዙዎቻችን ለዚህ ሥራ ስልካችንን እንጠቀማለን። ሁለተኛው መከታተያ ነው፤ ስክሪን የለውም፣ ዳሽቦርዱ ውስጥ ይቀበራል፣ መኪናው የት እንዳለ ለባለቤቱ ይናገራል። የመጀመሪያው ለሾፌሩ ያገለግላል፤ ሁለተኛው ሾፌሩን ይመለከታል። ስለዚህ የሚያመጡት ጣጣም ይለያያል።

ሁለቱም አቅጣጫቸውን የሚያገኙት ከመሬት 20,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ከሚዞሩ ሳተላይቶች ነው። መሣሪያው ቢያንስ የአራት ሳተላይቶችን ምልክት ይሰማና ያለበትን ቦታ ራሱ ያሰላል። ለዚህ ኔትወርክም የአየር ሰዓትም አያስፈልገውም። ከቱርቢ ወደ ማርሳቢት ስትሄዱ ኔትወርክ ቢጠፋ እንኳ ሰማያዊው ነጥብ መንቀሳቀሱን አይተውም። የሚጠፋው ካርታው ነው። ስለዚህ ከሞያሌ ሳትነሱ የመርሳቢትን፣ የኢሲዮሎንና የናይሮቢን ካርታ ስልካችሁ ላይ አውርዱ። መከታተያው ግን ያሰላውን ቦታ ለባለቤቱ የሚልከው በውስጡ ባለው ሲም ካርድ ነው፤ ኔትወርክ ከሌለ ዝም ይላል። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ መስቀያው እንምጣ። ብዙ ሾፌሮች ስልካቸውን የሚሰቅሉት መስታወቱ መሐል፣ ከውስጥ መመልከቻው ሥር ነው። እዚያው ላይ መስቀል ይንጠለጠላል ወይም መቁጠሪያ ይወዛወዛል፣ የቦሎው ወረቀት ተለጥፏል፣ የኢንሹራንሱም አለ። በዚህ ሁሉ ላይ አንድ ስልክ ሲጨመር ሾፌሩ መንገዱን የሚያየው በቀዳዳ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ይጓዛል። ሾፌሩ ስክሪኑን ለሁለት ሴኮንድ ቢያይ 44 ሜትር ዓይኑን ጨፍኖ እንደሄደ ቁጠሩት። በእኛ መንገድ ላይ ደግሞ በ44 ሜትር ውስጥ ፍየል ይገባል፣ ግመል ይገባል፣ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ ይገባል።

ባለፈው ዓመት ከሞያሌ ወደ ማርሳቢት በኪራይ ፒካፕ ስንሄድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ስልኩ በላስቲክ መምጠጫ መስታወቱ መሐል ተሰቅሎ ነበር። ቀትር ላይ ሙቀቱ መስታወቱን እንደ ምጣድ አጋለው። መምጠጫው ድንገት ለቀቀና ስልኩ ወድቆ ፍሬኑ ሥር ገባ። ሾፌሩ ሊያነሣው ጎንበስ አለ። ቀና ሲል ግመሎች መንገዱን እያቋረጡ ነበር፤ ከፊታቸው አሥር ዓመት የማይሞላው እረኛ ልጅ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ይሄዳል። ሾፌሩ መሪውን አዙሮ ከአስፋልቱ ወጣ። ተመስገን፣ ልጁ አልተነካም፤ የእኛም ጉዳት አንድ የተሰበረ ስፖኪዮና የተበተነ ቦሎቄ ብቻ ነበር። ልጁ ግን ከቆመበት ሳይነቃነቅ ሲያየን የነበረው አስተያየት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም። ያ ስልክ ፍሬኑ ሥር ተሰንቅሮ ቢቀር ኖሮ ስለ ቦሎቄ የሚያወራ ሰው አይኖርም ነበር።

በሎስ አንጀለስ የምትኖር እህቴ ስለዚህ ጉዳይ ስነግራት የእነሱን ሕግ አጫወተችኝ። በካሊፎርኒያ ጂፒኤስ መስታወት ላይ የሚለጠፈው በሁለት ቦታ ብቻ ነው። በተሳፋሪው በኩል ባለው የታችኛው ጥግ 7 ኢንች በ7 ኢንች በሆነ ቦታ ውስጥ፣ ወይም በሾፌሩ በኩል ባለው የታችኛው ጥግ 5 ኢንች በ5 ኢንች በሆነ ቦታ ውስጥ። በእኛ መለኪያ 18 እና 13 ሳንቲ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ከዚያም በላይ ኤርባግ ሲፈነዳ በሚመጣበት አቅጣጫ መሆን የለበትም። ይህ ሕግ እኛን አይገዛንም፤ ምክንያቱ ግን ለእኛም ይሠራል። የመሐል መስታወት የሾፌሩ ዓይን ነው፣ አይነካም።

የእኛ መስመር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ኢትዮጵያ ውስጥ በቀኝ እንነዳለን፤ ሞያሌን ስንሻገር ወደ ግራ እንዞራለን። መሪው ግን ከእኛ ጋር አይዞርም፤ በግራ እንደተቀመጠ ይቀራል። ኬንያ ውስጥ ሾፌራችን የሚቀመጠው በመንገዱ ዳር በኩል ነው። ከፊቱ ያለውን ከባድ መኪና ለመቅደም ሲፈልግ ማየት ያለበት በቀኝ በኩል ነው፤ ብዙ ጊዜም ረዳቱ ወይም እኛ «ና፣ ባዶ ነው» እያልን እናግዘዋለን። እግረኛውና ከብቱ ደግሞ በግራ በኩል በክንዱ ሥር ናቸው። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ የተመቸው ጥግ ማርሳቢት ላይ ላይመች ይችላል።

እኔ ከሾፌሮች ጋር ተመካክሬ የደረስኩበት ይህ ነው፤ መስታወቱን ጨርሶ መተው። መያዣው ዳሽቦርዱ ላይ፣ ሬዲዮው አጠገብ፣ ከመስታወቱ ጠርዝ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። እዚያ ሲሆን በሁለቱም አገር እይታ አይከለክልም። ኤርባግ ያለው መኪና ከሆነ ክዳኑ ላይ ምንም ነገር አትለጥፉ። መምጠጫ የምትጠቀሙ ከሆነ ቦታውን በአልኮል ጠርጋችሁ አድርቁት፣ መኪናው ቀትር ላይ ሲቆም ደግሞ አንሡት። የቻርጀሩ ገመድ በመሪውና በማርሹ በኩል አይለፍ። አድራሻውን መኪናው ሳይነሣ ሙሉት፤ ድምፁን ክፈቱና ሾፌሩ በጆሮው ይስማ። ማስተካከል ካስፈለገ ረዳቱ ወይም ተሳፋሪው ያስተካክል። ኬንያ ውስጥ መኪና እየሄደ ስልክ የሚጠቀም ሾፌር 2,000 ሽልንግ ይቀጣል፤ በእኛም በኩል ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት ክልክል ነው። «ካርታ እያየሁ ነው» የሚለው መልስ ትራፊኩን ሲያሳምነው አላየሁም።

መከታተያው ላይ ደግሞ ሌላ ወግ አለ። ሲም ካርድ የሚገባበት የመገናኛ ዕቃ እንደመሆኑ በኢትዮጵያ የዕቃውን ዓይነት የሚያጸድቀው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ በኬንያም እንዲሁ የኬንያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ። ፈቃድ ካለው ነጋዴ ግዙ፣ ደረሰኙን ተቀበሉ፣ የገጠመላችሁን ሰው ወረቀት ያዙ። እነዚህን ከሊብሬውና ከኮሜሳ ቢጫ ካርዱ ጋር በአንድ ፎልደር አስቀምጡ። ፈታሽ ዳሽቦርዱ ውስጥ ሽቦ አግኝቶ «ይህ ምንድን ነው?» ሲል ወረቀት ያለው ሰው በደቂቃ ያልፋል፤ ወረቀት የሌለው ግን ቀኑ እዚያው ይመሽበታል። በሞምባሳ በኩል ዕቃ የምታመጡ ደግሞ በኮንቴይነሩ ላይ የሚታሰረውን የኤሌክትሮኒክ ማኅተም ከራሳችሁ መከታተያ ጋር አታምታቱት። ያ የጉምሩክ ንብረት ነው፤ ማንም እንዳይነካው ለረዳቱ ሳይቀር ንገሩት።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የሾፌሩ ጉዳይ ነው። «ሳይነግሩት መግጠም ነው፣ ሌባ የሚያዘው እንደዚህ ነው» የሚሉ ነጋዴዎች አውቃለሁ። አንድ ጭነት የተጋራሁት ሰው እንዲህ አድርጎ ነበር። ለስድስት ዓመት ያሽከረከረለትን ሾፌር ሳያሳውቅ መከታተያ አስገጠመ። ሲሙ ከድንበር ወዲያ እንዲሠራ አልተመዘገበም ነበርና ሞያሌን እንደተሻገረ ዝም አለ። ሰውየው ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ደወለ፤ ሾፌሩ ኔትወርክ የለውም። ሲነጋ «ጭነቴን ሸጠው» ብሎ ለዘመድ አዝማድ ሁሉ አወራ። በሦስተኛው ቀን መኪናው ተመልሶ ኔትወርክ ሲያገኝ መሣሪያው ያጠራቀመውን ቦታ ሁሉ በአንድ ጊዜ ላከ። ሾፌሩ ከመንገዱ አንድ ኪሎ ሜትር አልወጣም። ረጅሙ ቆይታው በፍተሻ ወረፋ ያደረው ነበር። ሾፌሩ ይህን ሁሉ ሲሰማ አልተጣላም። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሄደ። እንደዚያ ያለ ሾፌር ዛሬ በየት ይገኛል?

እንግዲህ መሣሪያው እውነቱን መዝግቦ ነበር። ያልነበረው መተማመን ነው፤ እሱን ደግሞ በሱቅ አይሸጡትም። ነገሩ የምግባር ብቻም አይደለም። ኬንያ በ2019 እ.ኤ.አ. የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ አውጥታለች፤ ኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች። ሁለቱም ሰው ስለ እሱ መረጃ እየተሰበሰበ መሆኑን የማወቅ መብት እንዳለው ይደነግጋሉ። ሾፌር የት ዋለ፣ የት አደረ የሚለው የእሱም መረጃ ነው።

እኔ አሁን ከሾፌር ጋር ስዋዋል በአማርኛ አንድ ገጽ እንጽፋለን፤ ሾፌሩ የሚቀናው ስዋሂሊ ከሆነ በእሱም እናደርገዋለን። መኪናው ላይ መከታተያ አለ፤ የተገጠመው እዚህ ቦታ ነው፤ የሚያየው እኔና የጭነቱ ባለቤት ብቻ ነን፤ የምናየው በጉዞው ቀናት ነው፤ ከድንበር ወዲያ ሲጠፋ አንጠራጠርም፤ አንተም ስትደርስ ትደውላለህ። ሁለታችንም እንፈርማለን። ከጻፍነው በኋላ አንድ ሾፌር «እትዬ፣ ታዲያ ይህማ ለእኔም ምስክሬ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። በሐሰት ሲከሰስ ቆሞ የሚመሰክርለት ማን አለው?

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ በሚቀጥለው ጉዞ ከመነሣታችሁ በፊት አንድ ነገር ብቻ አድርጉልኝ። በሾፌሩ ወንበር ተቀመጡና መንገዱን በእሱ ዓይን እዩት። የሚከልላችሁን ሁሉ ከመስታወቱ አንሡ። ከዚያ ወርዳችሁ ዳሽቦርዱ ውስጥ ያለውን ለሾፌሩ በግልጽ ንገሩት። መልካም መንገድ፣ መልካም ገበያ።