ታንኳ የማይሸከመው የይፋት ወንዝ

ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ የያዘ ቤተሰብ ጣርማበርን ሲያልፍ ልብስ መቀነስ ይጀምራል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ብርዳማ ተራራ ተነስቶ፣ ዋሻውንና ደብረ ሲናን አልፎ፣ ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ሲጨርስ ሸዋ ሮቢት ይደርሳል። እዚህ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት ጋቢ ተከናንቦ የወጣ ሰው ለምሳ ጥላ ይፈልጋል። ማንጎው፣ ፓፓያው፣ ሽንኩርቱና ማሾው የዚህ ቆላ ሲሳይ ነው።

ባለፈው ጥር የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጄን ይዤ ወደዚያ ወርጄ ነበር። ልጁ በዛምቤዚ ወንዝ የሚደረገውን የታንኳ ጉዞ በቴሌቪዥን ካየ ወዲህ ወሬው ሁሉ ታንኳ ሆኗል። ተጓዦቹ የመሪያቸውን ታንኳ በሰልፍ እየተከተሉ ለቀናት ይቀዝፋሉ፤ ሲመሽ በወንዙ ዳር ወይም በአሸዋማ ደሴት ላይ ድንኳን ተክለው ያድራሉ። የሮቢ ወንዝ ድልድይ ላይ ስንደርስ፣ «አባባ፣ እዚህስ ታንኳ የለም?» ብሎ ጠየቀኝ። ወደ ታች ሲመለከት ያየው ግን ሰፊ አሸዋ፣ ድንጋይና በመሐል የምትንቆረቆር ቀጭን ውሃ ነበር።

ሮቢም ሆነ ጎረቤቱ ጀውሃ ከደጋው ተነስተው ወደ አዋሽ ተፋሰስ የሚወርዱ ወንዞች ናቸው። በበጋ ታንኳ የሚያንሳፍፍ ውሃ የላቸውም። ደጋው ሲዘንብ ደግሞ ድንጋይና ግንድ እያንከባለሉ በድንገት ይመጣሉ።

በአገራችን በጀልባ የተደረጉ ታላላቅ የወንዝ ጉዞዎች ግን አሉ። በ1960 ዓ.ም. ክረምት በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራ የእንግሊዝ ጦር አባላት ቡድን፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋባዥነት በዓባይ ሸለቆ ተጉዟል። እ.ኤ.አ. በ1973 ሪቻርድ ባንግስና ጓደኞቹ በአዋሽና በኦሞ ላይ በጎማ ጀልባ ወረዱ። ለድርጅታቸው የሰጡት ስም ሶቤክ ሲሆን፣ ይህም የጥንት ግብፃውያን የአዞ አምላክ ስም ነው፤ በጉዞው ከምንም በላይ ያሰጋቸው አዞ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ከዓባይ ምንጭ ተነስተው ሜዲትራኒያን ባሕር ደረሱ።

ለወላጅ ትልቁን ትምህርት የሚሰጠው የ1960ው ጉዞ ነው። ከቡድኑ አንድ ወታደር ሞቷል። የሞተው በዋናው ዓባይ ፏፏቴ አልነበረም፤ አንድ ገባር ወንዝ ሲሻገር ነው። ሰው ትልቁን ወንዝ ይፈራል፤ ትንሹን ግን ይንቃል።

የይፋት ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ወንዙን በእግር ያስጎበኘን የአካባቢው ጎልማሳ መጀመሪያ ያሳየን ውሃውን አልነበረም። ልጁን ትከሻውን ይዞ ወደ ምዕራብ አዞረውና የደብረ ሲናን ተራራ አሳየው። «የኔ ልጅ፣ እዚህ ፀሐይ ቢሆንም እዚያ ከጠቆረ ከአሸዋው ውጣ» አለው። ቀጥሎ ከራሴ በላይ ባለ የግራር ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ደረቅ ሣር አሳየን። ሣሩን እዚያ የሰቀለው ያለፈው ክረምት ደራሽ ነው። ልጁ ቅርንጫፉን አይቶ፣ የቆመበትን አሸዋ አይቶ፣ እጄን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

የዛምቤዚ መሪም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ጉማሬ ያለበትን ስፍራ ለይቶ ያውቃል፤ ጥልቁን ለጉማሬው ትቶ ተጓዦቹን በዳር በኩል ይወስዳል፤ በመቅዘፊያው ታንኳውን እየመታ መምጣታቸውን ያሳውቃል። ለተጓዥ ከታንኳው ይልቅ የሚያስፈልገው ውሃን ማንበብ የሚችል ሰው ነው። ያ ሰው በይፋትም አለ።

ልጆቻችሁን ወደዚህ ለማምጣት ካሰባችሁ፣ በመጀመሪያ የመንገዱን ሁኔታና ሰላሙን ከአካባቢው ሰው ጠይቁ። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ሙቀቱ ቀለል ያለ ነው። የወንዝ ዳር ጉዞውን በማለዳ አድርጉት፤ ውሃና ባርኔጣ አይቅር። በአሸዋው ላይ መኪና አታቁሙ፤ ምሳም አትዘርጉ፤ በበልግና በክረምትማ ጭራሽ አትውረዱ። እሑድ ከዋለ ወደ ሰንበቴ ገበያ ዝለቁ፤ አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ ሲገበያዩ ልጆች ያያሉ። ጀልባ ካላማራቸው በቀር አይሆንም ካሉ ጣና አለላቸው፤ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬም ሊያዩ ይችላሉ።

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባላል። የይፋትን ውሃ የሚቀበለው አዋሽ ግን ማደሪያ አለው፤ ባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሃ፣ ጂቡቲ ድንበር ላይ ባለው የአቤ ሐይቅ ያበቃል። ካርታ ዘርግታችሁ ከሮቢ እስከ አቤ ያለውን መንገድ ልጆቹ በጣታቸው እንዲከተሉት አድርጉ። ይህ ጉዞ ታንኳ አይጠይቅም።