ግንብ ስሠራ በር ረስቼ

ዛሬ ስለ ፖለቲካም ስለ ኳስም አልጽፍም። የማወራችሁ ስለ ራሴ ነው፤ ትንሽ ያሳፍራል፣ ግን ታገሱኝ።

በጋዜጠኝነት ተመርቄ አዲስ አበባ አንድ መጽሔት ውስጥ ሥራ ያዝኩ። (ስሙ ይቅርብን።) አምስት ወር ሠርቼ የሁለት ወር ደመወዝ ተቀበልኩ፤ ከዚያ ቢሮው ተዘጋ። የቤት ኪራይ ያበደረችኝ ጓደኛዬ ስትደውል ስልኬን ማንሳት ፈራሁ። በመጨረሻ ሻንጣዬን ይዤ ሐረር ገባሁ፤ እናቴ ቤት፣ ፈላና በር አጠገብ።

አራት ወር ከቤት አልወጣሁም። ጎረቤት ‹‹ልጅሽ በሰላም ነው የመጣችው?›› ሲላት እናቴ ‹‹ዕረፍት ላይ ናት›› ትላለች። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ እሰማታለሁ። እናቴ ለእኔ ስትል መዋሸት ጀመረች! አንድ ሌሊት ‹‹ምናለ ባይነጋ›› ብዬ ተመኘሁ። ይህን መጻፍ ከብዶኛል፤ ግን እንዲህ የሚመኝ አንባቢ ካለ ብቻውን አለመሆኑን ይወቅ ብዬ ነው።

እናቴ በሩ አጠገብ ቲማቲምና ሽንኩርት ትሸጣለች። አንድ ጠዋት ጉልበቷ አላስነሳ አላትና ‹‹ልጄ፣ ዛሬ አንቺ ውጪልኝ›› አለችኝ። እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ተቀመጥኩ። ከጎኔ ድንች የሚሸጡት እትዬ ትንሽ ታገሡኝና ‹‹አንቺ ልጅ፣ ተደብቀሽ ማን ይገዛሻል?›› አሉኝ። ሳልወድ ሳቅኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ!

ከሰዓት በኋላ እኚሁ እትዬ ‹‹የተማርሽ አይደለሽ? ለቀበሌ ማመልከቻ ጻፊልኝ›› አሉኝ። ማን? መቼ? የት? ለምን? እያልኩ ጠየቅኳቸው። ጽፌ ሳነብላቸው ‹‹ይኸው ነው፤ እኔ ያልኩት ይኸው ነው›› አሉና 30 ብር እጄ ላይ አስቀመጡ። በሙያዬ ሳይዘገይ የተከፈለኝ የመጀመሪያ ገንዘብ እሱ ነው።

ያን ዕለት ዕቃዬን ስሰበስብ ዘወር ብዬ በሩን አየሁት። ስንት ዓመት ስመላለስበት እንዲህ አይቼው አላውቅም። የጀጎል ግንብ የተሠራው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአሚር ኑር ዘመን ነው። ዘመኑ ለሐረር የድሎት ዘመን አልነበረም፤ ጦርነት፣ ረሃብና በሽታ ተፈራርቀውባታል። የተጨነቀች ከተማ ራሷን ልትከላከል ዙሪያዋን 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል አጠረች። ግን ሰዎቹ ያን ሁሉ ፈርተውም አምስት በር ተዉ። ገበሬው እህሉን፣ ነጋዴው ዕቃውን ይዞ በየት ይገባል? ደፍነውት ቢሆን ኖሮ ጠላት ሳይነካቸው ረሃብ በጨረሳቸው ነበር። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ጀጎል እስከ ዛሬ የኖረው ሰው ስለሚገባበትና ስለሚወጣበት ጭምር ይመስለኛል።

እኔም ስወድቅ ግንብ ሠርቼ ነበር። በር ግን አልተውኩለትም።

ማታውኑ ለጓደኛዬ ደወልኩ። ‹‹ብሩን ሳይሆን ድምፅሽን ነበር የጠበቅኩት›› አለችኝ። ሁለታችንም አለቀስን። ዕዳዬን እስካሁን የከፈልኩት ግማሹን ነው። ቋሚ ሥራም የለኝም፤ ጠዋት ቲማቲም፣ ከሰዓት ማመልከቻ፣ ማታ ደግሞ ይህቺ ጽሑፍ። እናቴ ግን ስለ እኔ ሲጠይቋት መዋሸት ትታለች፤ ‹‹በሩ ጋ ናት፣ ሂዱና አግኟት›› ትላለች።

‹‹ቀን ያልፋል›› ይባላል። እውነት ነው፣ ያልፋል። ግን በር ካልከፈትንለት በየት በኩል ይለፍ?

ደህና ሰንብቱልኝ።