ግድግዳ ላይ የቀበርኩት መክሊት



ያደግኩት ሮብ ገበያ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ በኩል የምትገኝ፣ ስሟ እንደሚናገረው ረቡዕ ረቡዕ የምትደምቅ ብርዳም ከተማ ናት። ሰው ገብስና ድንች ይዞ ሲመጣ፣ እኔ የምጠብቀው የአጎቴን መሰንቆ ነበር። ጠጅ ቤት ውስጥ በአንዲት የፈረስ ጭራ ክር ሰውን ሲያስቅና ሲያስለቅስ በበር ስንጥቅ አየው ነበር። ኋላ እኔንም አስተማረኝ። ሲሞትም መሰንቆውን ለእኔ ተወልኝ። ጌታን ካገኘሁ በኋላ ግን “ይህ የጠጅ ቤት ዕቃ ነው” ብዬ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት።

እ.ኤ.አ. በ2018 የእንግሊዙ ልዑል ሃሪ ሲያገባ የሠርጉን ቪዲዮ በስልክ አየሁ። አንድ ጥቁር ወጣት ትልቅ ቫዮሊን የሚመስል ዕቃ በጉልበቶቹ መካከል ይዞ በደጋን ይጫወታል። ዕቃው ቼሎ ይባላል። አራት ክር ቢኖረውም ወጣቱ አጎቴን አስታወሰኝ። ስሙ ሼኩ ካነ ሜሰን ነው፤ ኖቲንግሃም ያደገ፣ ከሰባት ልጆች ሦስተኛው። ቼሎ የጀመረው በስድስት ዓመቱ ነው። በ2016፣ ገና በ17 ዓመቱ፣ የቢቢሲን የወጣት ሙዚቀኞች ውድድር አሸነፈ። ውድድሩ በ1978 ከተጀመረ ወዲህ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር እርሱ ነው። ከዚያ ለንደን በሚገኘው የሮያል የሙዚቃ አካዳሚ ተማረ።

እኔም “ጌታ ሆይ፣ ቼሎ ተምሬ ላገልግልህ” አልኩ። አዲስ አበባ ሄጄ አንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተፈተንኩ። ኖታ ማንበብ አልችልም፤ ጣቶቼም ከብዙ ዓመት ዕረፍት በኋላ ደርቀው ነበር። ወደቅኩ። ስመለስ አውቶቡሱ የአባይን በረሃ ሲወርድ፣ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ “ለእርሱ የከፈትከውን በር ለእኔ ለምን ዘጋህብኝ?” እያልኩ አለቀስኩ። ለወራት መጸለይ አስጠላኝ። ኅብረት የምሄደው ሰው እንዳይጠይቀኝ ብቻ ነበር።

በዚያ ሰሞን የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ታሪክ አነበብኩ። እርሳቸው የኦርቶዶክስ መነኩሲት ነበሩ፤ እኔ ደግሞ ወንጌላዊ አማኝ ነኝ። ታሪካቸው ግን ወጋኝ። በ1923 አዲስ አበባ ተወለዱ፤ በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ሄደው ቫዮሊን ተማሩ። በጣልያን ወረራ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ጣልያን በግዞት ተወሰዱ። ከዚያ በኋላ ካይሮ ውስጥ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከተባለ ቫዮሊን ተጫዋች ዘንድ ሲማሩ በቀን ዘጠኝ ሰዓት ይለማመዱ ነበር። ለንደን ሄደው፣ ያው ሼኩ የተማረበት አካዳሚ እንዲማሩ ዕድል አገኙ። ሆኖም መሄጃ ፈቃድ ተከለከሉ። ከሐዘናቸው ብዛት ምግብ አልቀምስ አሉ። ከዚያም ሙዚቃውን ትተው ግሸን ማርያም ገዳም ገቡ፤ በባዶ እግራቸው አሥር ዓመት ያህል ኖሩ።

በዚያ ቢያበቃ የኔን ቁጭት ባጸደቀልኝ ነበር። ግን ኋላ ጎንደር ላይ ዜማ የሚማሩ ድሃ ተማሪዎች ደጅ ሲያድሩ አዩ። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ በእጃቸው የነበረው ፒያኖ ነበር። በ1967 ጀርመን አገር ሸክላ አሳተሙ፤ ገቢውም ለችግረኞች እንዲውል አደረጉ። ለንደን ያልደረሰው ስጦታ ለድሃ ልጆች ደረሰ። በመጋቢት 2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው ሲያርፉ ዓለም ሁሉ ሙዚቃቸውን ያውቅ ነበር።

ይህን አንብቤ ቀና ስል ዓይኔ ግድግዳው ላይ አረፈ። መሰንቆው አቧራ ለብሷል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ያለው ያ ባሪያ ትዝ አለኝ፤ አንዲት መክሊት ተሰጥቶት መሬት ቆፍሮ የቀበራት። እርሱ መሬት ውስጥ ቀበረ፤ እኔ ግድግዳ ላይ። የተሰጠኝን ሰቅዬ፣ ያልተሰጠኝን ለምን ከለከልከኝ ብዬ ከጌታ ጋር ስከራከር ነበር። ዳዊት በበገና ሳኦልን ሲያሳርፍ ዕቃው አልነበረም ቅዱስ፤ ልቡ ለማን እንደሚመታ ማወቁ ነው።

ያን ሳምንት በኅብረታችን ካሉት እናቶች አንዷ አልጋ ላይ ነበሩ። ልጠይቃቸው ስሄድ “ልጄ፣ የአጎትህን መሰንቆ ለጌታ አትመታልኝም?” አሉኝ። አፈርኩ። ከጎረቤት ፈረስ ጭራ ለምኜ አዲስ ክር ሠራሁ፤ ሙጫ ቀብቼ ይዤው ሄድኩ። የሚወዱትን መዝሙር ስጫወት ድምፅ አልነበራቸውም፤ ከንፈራቸው ግን ይንቀሳቀስ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ወደ ጌታ ሄዱ። ባልሄድ ኖሮ ብዬ ሳስብ ዛሬም ይጨንቀኛል።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ የሼኩን ቪዲዮ ሳይ አሁንም ቅናት ቢጤ ይነካካኛል። ቼሎ የመማር ምኞቴም አልሞተም። እርሱ ከልጅነቱ የደከመበትን እኔ በአንድ ፈተና ማግኘት እንደፈለግኩ ግን አሁን ገብቶኛል። ዛሬ ረቡዕ ረቡዕ፣ ገበያው ሲበተን፣ አራት ልጆች ቤቴ መጥተው መሰንቆ ይማራሉ። እኔም ከእነርሱ ጋር ኖታ እቆጥራለሁ።

ወገኔ፣ አንተስ ግድግዳህ ላይ ምን ሰቅለሃል? እህቴ፣ አንቺስ የተዘጋው በር ፊት ቆመሽ በእጅሽ ያለውን ረስተሽ ይሆን?

ጌታ ሆይ፣ ያልሰጠኸኝን እየቆጠርኩ የሰጠኸኝን ስለ ቀበርኩ ይቅር በለኝ። በእጄ ባለው ዛሬ ላገልግልህ። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።