ቤት በነሐሴ ይታያል

ሰው በሥራው ሲጠራ ደስ ይለዋል። ገበሬ፥ ግንበኛ፥ መምህር ቢሉት ማንም አይቀየምም። ደላላ ሲሉት ግን ቀና ብሎ አቤት የሚል ጥቂት ነው። በቋንቋችን መደለል ማለት ሰውን በለስላሳ ቃል አባብሎ ወዳላሰበው መውሰድ ስለ ሆነ፥ ስሙ ገና ሲነሣ ጥርጣሬ ይቀድመዋል። እኛም ይህን ስም ተሸክመን ያደግን ነን። አራት ወንድማማችና እኅትማማች ሆነን፥ በደሴ ከተማ ከጦሳ ተራራ ሥር፥ አባታችን ቤት በማከራየትና በማሻሻጥ ባገኙት ገንዘብ ለብሰናል፤ ተምረናል፤ ለወግ ለማዕረግም በቅተናል። ስለዚህ ስለ ሙያው የምንናገረው ከሩቅ ሰምተን ሳይሆን እንጀራውን በልተን ነው።

በልጅነታችን የትምህርት ቤት ጓደኞቻችን «የደላላው ልጆች» ሲሉን እየተናደድን እንመለስ ነበር። አንድ ቀን ከመካከላችን አንዱ በዚሁ ስም ምክንያት ተጣልቶ ፊቱን ተቧጭሮ ቢመጣ፥ ከአባታችን ጋር ቡና ይጠጡ የነበሩት ጎረቤታችን ሼህ ነገሩን ጠይቀው ተረዱና ሳቁ። «ልጆቼ፥ ቃሉ እኮ የዓረብ ነው። በዓረብኛ ሥሩ ማመልከት፥ መንገድ ማሳየት ነው። አማርኛችን ከመደለል ጋር አገጣጠመው እንጂ ቃሉስ ክፉ አልነበረም» አሉን። እኛ ይህን ሰምተን ደስ ሲለን አባታችን ግን ስኒያቸውን አስቀምጠው፥ «ሼህ፥ ሁለቱም ትርጉም እውነት ነው። ጧት ጧት ከቤት ስወጣ ከሁለቱ አንዱን የምመርጠው እኔ ነኝ» ብለው መለሱላቸው። የዚያን ዕለት የንግግሩ ክብደት አልገባንም ነበር።

አባታችን ሥራውን የጀመሩት በ1950ዎቹ መጨረሻ ገና ጎረምሳ ሳሉ ነው። መሥሪያ ቤታቸው የአንድ ሻይ ቤት በረንዳ፥ መዝገባቸውም በኪሳቸው የሚይዟት ትንሽ ደብተር ነበረች። ከሁሉ የሚያስቀድሙት ንብረታቸው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነበር። በውስጡ ቁጥር 1723ን በቀይ እርሳስ አስምረውበታል፤ ይኸውም የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ የሚያዘው ነው። «የአፍ ውል የሚጸናው ሁለቱም ወገኖች እስኪጣሉ ድረስ ነው» ይሉ ነበር።

ይህ ሙያ እንደ ሰው ሁሉ መከራ አይቷል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገ ጊዜ፥ የቤት ደላላነት በአንድ ጀንበር ሞተ ለማለት ይቻላል። ዝቅተኛ ኪራይ የሚከፈልባቸው ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፤ ለማከራየትም የሚተርፍ የግል ቤት አልነበረም። አባታችንም ደብተራቸውን ዘግተው ወደ እህል በረንዳ ወረዱና ጤፍና ማሽላ ሲያሻሽጡ ብዙ ዓመት ቆዩ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ወደ ቀድሞ ሥራቸው ቢመለሱ የሚያስረዱት ነገር በዝቶ ጠበቃቸው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በ1986 ዓ.ም. ደግሞ የከተማ ቦታ በሊዝ እንዲያዝ የሚያደርግ አዋጅ ወጣ። ስለሆነም ገዢው የሚገዛው ቤቱን እንጂ መሬቱን አለመሆኑን፥ የይዞታ ማረጋገጫውና የቤቱ ልክ መስማማታቸውን፥ ግብሩ መከፈሉን፥ ባልና ሚስት ሁለቱም መፍቀዳቸውን አንድ በአንድ ሳያስረዱ ቀብድ አያስቆጥሩም ነበር።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ግን አንድ ሥርዓት ነበራቸው፤ እሱም «ቤት በነሐሴ ይታያል» የሚለው ነው። ደሴ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ፥ በተዳፋት ላይ የተሠራች ከተማ ናት። በበጋ ያየናት እንደ ሆነ ቤቶቿ ሁሉ የጸኑ ይመስላሉ። ክረምት ሲገባ ግን ውሃው ከጦሳ እየወረደ የትኛው ቤት በድንጋይ፥ የትኛው በተስፋ እንደ ቆመ ይገልጠዋል። አንዳንዱ ሰፈር መሬቱ ይንሸራተታል፤ የአንዳንዱ ቤት የጀርባ ግድግዳ ከመሬት ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ በጥቅምት ፀሐይ ቤት ላሳይህ የሚል ሻጭ ሲመጣ አባታችን፥ «እሺ፥ እናሳያለን፤ ነገር ግን የክረምቱን ነገር እኔ እናገራለሁ» ይሉታል። ብዙ ሻጭ በዚህ ምክንያት ሸሽቷቸዋል።

በ1989 ዓ.ም. የሆነውን አንረሳውም። አንድ መምህር ከባለቤቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር ሆኖ ከተራራው ጥግ ያለ አንድ ቤት ወደደ። ዋጋው 60,000 ብር ነበር። በልማዱ ሁለት በመቶ ከገዢ፥ ሁለት በመቶም ከሻጭ ስለሚሰጥ፥ ለአባታችን 2,400 ብር ይደርሳቸዋል። እናታችን በዚያ ገንዘብ የሚያፈሰውን ጣራችንን በአዲስ ቆርቆሮ ለማስለወጥ ሠራተኛ እስከ ማነጋገር ደርሰው ነበር። ውል ሊፈረም ሁለት ቀን ሲቀረው አባታችን መምህሩን ወደ ቤቱ ጓሮ ወስደው፥ ሻጩ በሣር ክምር የሸፈነውን ስንጥቅ በጣታቸው አሳዩት። መምህሩ አመስግኖ ሄደ፤ ሻጩም ዳግመኛ ሰላም አላላቸውም። በዚያ ክረምት እኛ በየማዕዘኑ ባልዲና ገበቴ እየደቀንን አደርን። እናታችንም ለብዙ ቀን ከሰላምታ በቀር ከአባታችን ጋር አልተነጋገሩም። ቤቱን በሌላ በኩል ሌላ ሰው ገዛው፤ በሦስተኛው ዓመት የጀርባ ግድግዳው ወደ ውስጥ ወደቀ። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልሞተም። አባታችን አካፋ ይዘው ጭቃውን ሊጠርጉ ሲወጡ እናታችን ምንም ሳይናገሩ ሁለተኛውን አካፋ አንሥተው ተከተሏቸው።

ሼሁ ደጋግመው የሚያወሱት፥ ከቤቱ በፊት ጎረቤቱን የሚል የዓረቦች ተረት ነበር። አባታችንም ይህን ሥራ ላይ አውለውታል። ገዢውን ከውሉ በፊት ወደ ሰፈሩ የቅሬ ዳኛ ይወስዱታል። የሌላው አገር ሰው እድር የሚለውን እኛ በወሎ ቅሬ እንለዋለን፤ ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድነት ቀባሪና አስተዛዛኝ የሚሆንበት ማኅበር ነው። ድንኳኑ የት እንደሚቀመጥ፥ ውሃ ሲጠፋ ከየት እንደሚቀዳ፥ በሌሊት ምጥ የያዛትን ሴት ወደ ሐኪም የሚያደርስ መኪና የማን እንደ ሆነ ይነግሩታል። ለሰፈሩም ሰው የሚመጣውን ቤተሰብ ጠባይ ይነግሩታል። እንዲህ ሲሆን ገዢው በገባበት ሌሊት ባዕድ ሆኖ አያድርም።

የዚህ ሁሉ ፍሬ የታየው በ2014 ዓ.ም. ነው። በጥቅምት ወር ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ሕዝቡ የቻለውን ተሸክሞ ተሰደደ። አባታችን ያን ጊዜ ሰማንያ ዓመት እየተጠጋቸው ነበር። ከእኛ መካከል በደሴ የሚኖረው ወንድማችን ሊያወጣቸው ቢለምናቸው እንቢ አሉት። ለካ ጎረቤቶቻቸውና የቀድሞ ደንበኞቻቸው እየመጡ የቤታቸውን ቁልፍ ሰጥተዋቸው ኖሯል። አሥራ አንድ ቁልፍ በአንድ የቡና ጣሳ ውስጥ አስቀምጠው፥ በእያንዳንዱ ላይ በክር ወረቀት አስረውበት ነበር። «ሰው ቁልፉን ሰጥቶኝ ሄዷል፤ ወዴት እሄዳለሁ?» አሉ። ከእኛ ርቀው የነበሩት ስልክ ተቋርጦባቸው ሳምንታት በጭንቅ አለፉ። አባታችን ቤቶቹን ሁሉ ከዘረፋ አድነዋል ብለን አናጋንንም፤ ከአሥራ አንዱ አራቱ ተሰብረው ነበር። ነገር ግን ባለቤቶቹ በታኅሣሥ ሲመለሱ ቁልፉን ብቻ ሳይሆን ምን እንደ ጠፋና ምን እንደ ቀረ የሚዘረዝር ጽሑፍ ጭምር ተቀበሉ። ያቺ ትንሽ ደብተር ለመጨረሻ ጊዜ ያገለገለችው ለዚህ ነበር። በሚከተለው ዓመት አባታችን ዐረፉ። በቀብራቸው ላይ ያየነው ሕዝብ፥ ደላላ የሚለውን ስም ከእኛ ልብ ላይ አጠበው።

ይሁን እንጂ የአባትን ምግባር ማመስገን አንድ ነገር ነው፤ ማድረግ ግን ሌላ ነው። ይህን የተማርነው የራሳችንን ቤት ለመሸጥ በተነሣን ጊዜ ነው። እናታችን ዳገቱን መውጣት ስላልቻሉ፥ ከወንድማችን ጋር እንዲኖሩና ቤቱ እንዲሸጥ በ2016 ዓ.ም. ተስማማን። ይህ ወንድማችን የአባታችንን ሥራ የወረሰ ነው። ቤታችንም ጉድለት ነበረበት። የጀርባው ግድግዳ ውሃ ያስገባል፤ አባታችንም በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ በገዛ እጃቸው ይመርጉት ነበር። በየካቲት 4 ሚሊዮን ብር የሚሰጥ ገዢ መጣ። ወንድማችን ግድግዳውን አስመርጎ ቀለም ለማስቀባት አሰበና፥ «ሙሽራ እንኳ ሳትኳኳል አትወጣም፤ ቤቱን ሳያሳምር የሚሸጥ ማን አለ?» አለን። ታናሽ እኅታችን ለልጇ ሕክምና የተበደረችው ገንዘብ ነበረባት፤ እሷም እሺ አለች። እውነቱን ለመናገር ሌሎቻችንም ዝም አልን፤ ዝምታችንም እሺታ ነበር።

እናታችን እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ፥ «ፊት ለፊቱን ቀለም ቀቡት፤ ደስ ይለኛል። የጓሮውን ግን አትንኩት። አባታችሁ ቢኖር ነሐሴን ይጠብቅ ነበር» አሉ። ወንድማችን ሊመልስ ፈልጎ አንገቱን ደፋ። ለየካቲቱ ገዢ የግድግዳውን ነገር ነገርነው፤ እሱም ሄደ። በነሐሴ፥ ዝናብ ሲወርድ፥ ሌላ ሰው ከባለቤቱ ጋር መጣ። ጓሮውን አሳየነው፤ እርጥቡን ግድግዳ በመዳፉ ዳሰሰው፤ ለማሠሪያ የሚያስፈልገውን አስቦ 3 ሚሊዮን ከ400 ሺሕ ብር ሰጠ። ከዋጋው 600,000 ብር ጎደለ ማለት ነው። ግማሹ የእናታችን ድርሻ ሲሆን፥ ከቀረው ለያንዳንዳችን 75,000 ብር ጎደለብን። ለሌሎቻችን ይህ የሚቻል ነበር፤ ለታናሻችን ግን ዕዳዋን የሚዘጋላት ገንዘብ ነበር። ሦስት ወር ያህል ስልክ አልደወለችልንም። ከእኛ ድርሻ አዋጥተን ብንሰጣትም፥ ገንዘቡን ተቀበለች እንጂ ወዲያው አልሳቀችልንም። እውነተኛነት ዋጋው እኩል አይከፈልም፤ ይህን የማይናገር ምክር ጎዶሎ ነው።

ውሉ በተፈረመ ማግሥት እናታችን አዲሶቹን ባለቤቶች ይዘው ወደ ቅሬው ዳኛ ሄዱ። «እነዚህ በእኔ ቦታ የገቡ ናቸው፤ እኔ ግን ቅሬዬን አልለቅም፤ ስሞት የሚቀብረኝ ይኸው ሰፈር ነው» አሉ። ዳኛውም ሳቅ እያሉ ሁለቱንም ስም ጻፉ።

ዛሬ ሙያው ሌላ መልክ ይዟል። የቤቱ ሥዕል በስልክ ይላካል፤ ገዢው ባሕር ማዶ ሆኖ ቤት ይመርጣል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320ም የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ያዛል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ጓሮውን ሥዕል የሚያነሣ ጥቂት ነው፤ ስንጥቁን በጣቱ የሚያመለክት ሰውም በአዋጅ አይገኝም። ወንድማችን አሁንም ያን የፍትሐ ብሔር ሕግና ያችን ደብተር ይዞ ይሠራል። ባለፈው ክረምት አንድ ወጣት ተከራይ በዝናብ መካከል ቤት ሊያሳየው ሲጠራው ተገርሞ፥ «ጋሼ፥ ዝናቡ እስኪያባራ ለምን አንጠብቅም?» ቢለው፥ «ና፥ አሁን ነው የሚታየው» ብሎ ጃንጥላውን ዘረጋለት።