ያልጠየቅኋቸው እድርተኞች

በመመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ ከመቶ በላይ መላሾች አሉ። ዕድሜያቸው፣ ጾታቸው፣ የትምህርት ደረጃቸውና የወር ገቢያቸው በሰንጠረዥ ተደርድሯል። አንዳቸውንም አላናገርኩም። መጠይቁን የሞላነው እኔና የዶርም ጓደኞቼ ነን፤ ዲፌንሱ ሲቃረብ፣ በር ዘግተን፣ የእጅ ጽሑፍ እንዳይመሳሰል እስክሪብቶ እየተለዋወጥን።

በ2005 ዓ.ም. ነው፤ ከአዲስ አበባ ርቆ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ፣ ሶሲዮሎጂ ትምህርት ክፍል። የመጀመሪያ ዲግሪው ያኔ ሦስት ዓመት ነበር። ርዕሴ የከተማዋ ወጣት ለምን እድር እንደማይገባ ማጥናት ነበር። ለወጉ ያህል አንድ የእድር ሰብሳቢ ዘንድ ሄጃለሁ። ሽማግሌው ወንበር ስበው አስቀመጡኝና «ልጄ፣ እሑድ ጠዋት አባላቱ መዋጮ ሊከፍሉ ይሰበሰባሉ፤ ያኔ ብትመጣ አስተዋውቅሃለሁ፣ የፈለግኸውን ትጠይቃለህ» አሉኝ። እሑድ ጠዋት ተኝቼ አረፈድኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ አፈርኩ። ከዚያ ቀኑ አለቀ።

ሰው መፍጠር እንዲህ ቀላል መሆኑን አላውቅም ነበር። ሃምሳ ዓመት ያለፋትን ሴት ሁሉ «ያልተማረች» ብለን ሞላን። ሽማግሌዎቹን ስለ ዘመኑ ልጆች አማረርንባቸው። ወጣቶቹ እድርን «ኋላ ቀር» ብለው እንዲመልሱ አደረግን፤ አንዱ ጓደኛዬ በመሀል «ሁሉም አንድ ዓይነት ከመለሱ ይነቃብናል» ስላለ ጥቂቶቹን አለዘብናቸው። የጻፍነው የራሳችንን ግምት ነበር። ሃያ ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላን ልጆች፣ አልጋ ላይ ተቀምጠን፣ አንዲት ከተማ ምን እንደምታስብ ወሰንን። ቁጥሩን ኤስፒኤስኤስ የተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ውስጥ ስናስገባው ሰንጠረዡ አምሮ ወጣ። መቶኛዎቹን እዚህ አልደግማቸውም፤ አንዴ መጻፋቸው ይበቃል። የጥናቱ ማጠቃለያ ወጣቱን ከእድር ያራቀው የምዕራባውያን ባህል ተጽዕኖ ነው ይላል። ውጤቱ ኤ ሆነ።

ለዓመታት ጥፋቱን ስሰጥ የኖርኩት ለ70/30 ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ገቢ ተማሪ ሰባው እጅ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይመደብ የተባለው በ2001 ዓ.ም. ገደማ ነው። እኛ በዚያ ስሌት ትርፍራፊ እንደሆንን ይሰማን ነበር። የኢንጂነሪንግ ተማሪ ካፌ ሰልፍ ላይ «እናንተ ደግሞ ምን ታጠናላችሁ?» ሲለን ከመመለስ መሳቅ ይቀለን ነበር። አማካሪዬም የሚያማክረው ተማሪ ብዙ ነበርና ገጹን ገለጥለጥ አድርጎ ፈረመልኝ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ፖሊሲው ፎርም አልሞላልኝም፤ አማካሪዬም እሑድ ጠዋት ተኛ አላለኝም። እኔም ትምህርቱን ንቄዋለሁ። ሶሲዮሎጂስቱ ዱርካይም ራስን ማጥፋትን በአራት እንደሚከፍል በቃሌ እወጣ ነበር፤ የግቢያችን አጥር ሥር ድንኳን ተጥሎ ሲለቀስ ግን ማን እንደሞተ፣ ድንኳኑን ማን እንደተከለ ጠይቄ አላውቅም።

ስህተቱ ምን ያህል እንደሆነ የገባኝ ከተመረቅሁ በኋላ ነው። የተቀጠርኩበት የረድኤት ድርጅት ከእድሮች ጋር ይሠራ ስለነበር ስብሰባቸው ላይ መቀመጥ ግዴታዬ ሆነ። አንድ ቀን ደንባቸውን ሲያነቡ፣ ያቺ የድሮ ጥያቄ ከአፌ አመለጠችና ወጣቱ ለምን እንደማይመዘገብ ጠየቅኋቸው። መዝገብ የያዙት እናት መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «አባቱ ተመዝግቧል እኮ! ልጅ በአባቱ ቤት እስካለ ድረስ ሁለት ጊዜ ምን ያስከፍለዋል? ጎጆ ሲወጣ ይገባል» አሉ። ቤቱ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ፊቴ ግን ጋለ። እድር የሚቆጥረው ቤተሰብን ነው እንጂ ግለሰብን አይደለም። ጎጆ ያልወጣ ወጣት በመዝገቡ ላይ በስሙ ባይኖርም በወላጁ አባልነት ውስጥ አለ፤ ድንኳን ሲተከል የሚሮጠው፣ ወንበር የሚሸከመውም እሱ ነው። የዚያን እሑድ ብሄድ ኖሮ ማንኛቸውም ይህን ይነግሩኝና ርዕሴን እቀይር ነበር። የምዕራባውያን ባህል ምንም አላደረገም።

እነዚያን «ያልተማረች» ብለን የሞላናቸውን እናቶች የሚመስሉ ሴቶችም እዚያው አገኘኋቸው። መዝገብ ያዧ ጡረታ የወጡ መምህርት ነበሩ። በኤችአይቪ ክፉ ዘመን ብዙ እድሮች ከቀብር አልፈው ሕሙማንን መጦር፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን ማገዝ ሲጀምሩ ደጅ ለደጅ ከሚዞሩት አንዷ እሳቸው እንደነበሩ ነገሩኝ። በእኔ ሰንጠረዥ ውስጥ ለእንዲህ ዓይነት ሰው ቦታ የለም።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ዝም ማለቴ ነው የበለጠ የሚቆጨኝ። ከዓመታት በፊት ከዚያው ትምህርት ክፍል አንድ ተማሪ ደወለልኝ። በትህትና «ጋሼ፣ እኔም ስለ እድር እየሠራሁ ነው፤ የእርስዎን ሰንጠረዥ ጠቅሼዋለሁ፣ የእኔም ውጤት ከእርስዎ ፋይንዲንግ ጋር ይገጥማል» አለኝ። ገጠመለት! ከምን ጋር እንደገጠመ ልጠይቀው ይገባኝ ነበር። አፌ ላይ የመጣልኝ «በርታ» ብቻ ነው። የእሱንም ጽሑፍ እንግዲህ ሌላው ይጠቅሰዋል።

የተማሪ ጽሑፍን ማን ያየዋል የሚል ካለ ስድስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይሂድ። የታሪክ ተማሪዎች በ1960ዎቹ ለመጀመሪያ ዲግሪ ማሟያ የጻፏቸውን ጽሑፎች የታሪክ ምሁራን ዛሬም እያነሱ ይጠቅሷቸዋል፤ እነዚያ ልጆች ክረምቱን ሽማግሌ ሲጠይቁ ስለከረሙ፣ የጠየቋቸው ሰዎች ካለፉ በኋላ ቃላቸው እዚያ ቀርቷል። ያነጋገሩኝ ሰብሳቢም አሁን በሕይወት የሉም። እሳቸው የነገሩኝ ነገር ቢኖር ኖሮ ዛሬ ማስረጃ ነበር።

ለነፍስ አባቴ ስናዘዝ ማንን እንደበደልኩ ጠየቁኝ። ስም መጥራት አቃተኝ፤ በወረቀቱ ላይ ያሉት ሰዎች የሉም፣ ያሉት ሰዎች ደግሞ በወረቀቱ ላይ የሉም።

ዘንድሮ ለትምህርት ክፍሉ ደብዳቤ አስገብቼ መረጃው የፈጠራ መሆኑ ጥራዙ ላይ እንዲለጠፍ ጠይቄያለሁ። የደወለልኝን ልጅም ፈልጌ ነግሬዋለሁ፤ ረጅም ጊዜ ዝም አለና «እኔስ አሁን ምን ላድርግ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ዩኒቨርሲቲው እስካሁን አልመለሰልኝም። እስከዚያው ድረስ ስለ እድር የምትጽፉ ተማሪዎች በ2005 ዓ.ም. የተጻፈ፣ ወጣቱን ከእድር ያራቀው የምዕራባውያን ባህል ነው የሚል ጥራዝ ከመደርደሪያ ላይ ብታገኙ አትጥቀሱት። እሑድ ጠዋት ሄዳችሁ ጠይቁ።