ሰኞ የሚያርስ፣ በበዓል የሚጋልብ

ጥር 23 ቀን ለአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ የደረሰ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው የፈረሱ ጌጥ ላይ ነው፤ ባለ ቀለሙ ግላስ፣ የተወለወለው እርካብ፣ የልጓሙ ዘለበት። እኔን ግን የሚገርመኝ ከጌጡ ሥር ያለው ነው። ፈረሰኛው ወርዶ ግላሱን ገለጥ ሲያደርግ፣ የፈረሱ ጫንቃ ላይ ቀንበር ጸጉሩን የበላበት ቦታ ይታያል። እዚያ አዊ ውስጥ ፈረስ ያርሳል። ይጭናል፣ ሙሽራ ያጅባል፣ ቀብር ይሸኛል፤ በበዓሉ ቀን ደግሞ ያው ፈረስ ሜዳ ወርዶ ይጋልባል። ለሩጫ ብቻ ተቀልቦ የሚኖር የለም ማለት ይቻላል።

የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ ዓድዋ የዘመቱትን አባቶችና የተሸከሟቸውን ፈረሶች ለማሰብ። ሜዳው ዙሪያ የሚቆመው ገበሬ ግልቢያውን የሚያየው እንደ እንግዳ አይደለም። የየትኛው ቀዬ ፈረስ እንደሆነ፣ ማን እንዳሳደገው፣ ባለፈው ክረምት ስንት ጥማድ እንዳረሰ እያነሳ ይከራከራል። ዳኛ ከፈለጋችሁ ከዚያ በላይ ዳኛ የለም።

አሜሪካኖችም ይህንኑ፣ የሥራ መጓጓዣን ሜዳ አውጥቶ ማወዳደርን፣ በመኪና አድርገውታል። መጠጥ በሕግ በተከለከለበት ዘመን፣ ከዚያም በኋላ፣ በደቡቡ ተራራማ አገር አረቄ የሚያወጡ ገበሬዎች ነበሩ። (አረቄ ማውጣት የእኛ ብቻ ሙያ እንዳይመስላችሁ!) አረቄውን በሌሊት ከተማ የሚያደርሱት ከውጭ ሲያዩአት ተራ የቤት መኪና በምትመስል፣ ሞተሯ ግን ፖሊስ እንዳይደርስባት በተነካካ መኪና ነበር። «የእኔ ትበልጣለች፣ የእኔ ትበልጣለች» የሚለው ክርክር ሜዳ ላይ ወጥቶ ክብ መዞር ጀመረ። ናስካር የሚባለው የመኪና ውድድር ማኅበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ከስመ ጥር ተወዳዳሪዎቹ አንዱ ጁኒየር ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1956 በአባቱ አረቄ ማውጫ ተይዞ ታስሯል፤ ከ30 ዓመት በኋላ ፕሬዚዳንት ሬገን ይቅርታ አድርገውለታል።

እኔን የሚማርከኝ ግን በቴሌቪዥን የምናየው ትልቁ ውድድር አይደለም፤ የክፍለ አገሩ ነው። ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ባውማን ግሬይ የሚባል ስታዲየም አለ። ኳስ ሜዳውን ከብቦ በሚዞር አስፋልት ላይ ናስካር እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ ያወዳድርበታል፤ አንድ ዙሩ 400 ሜትር ገደማ፣ ማለትም የአትሌቲክስ መም ያህል ነው። ቀጥ ያለው መንገድ ገና ሳይጀመር ያልቃል። መታጠፍ ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው። በውጭ በኩል ልቅደም ያለ ረጅሙን መንገድ ይዞራል፤ በውስጥ በኩል ልግባ ያለ የፊተኛውን መግፋት አለበት። ተጋፊና ተገፊ ደግሞ ብዙ ጊዜ የአንድ አገር ልጆች ናቸው፤ በሥራ ቀን አንዱ ጋራዥ ውስጥ ነው፣ ሌላው ሱቁ። ተመልካቹ ከተቀመጠበት ሳይነሳ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ሁሉን ያያል፤ ማን ማንን እንደገፋም ለሳምንት ያወራል።

ወደ እኛው ከተማ ወደ ባሕር ዳር ልምጣ። ፈረስም የሩጫ መኪናም የለንም፤ ብስክሌት ግን ነበረን፣ አለንም። ከተማችን ሜዳ ናት። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1950ዎቹ ከተቋቋመ ወዲህ ሠራተኛው፣ መምህሩ፣ ተማሪው በዘንባባው ጥላ ሥር ፔዳል እየመታ ነው የኖረው። ከዚያ ባጃጅ መጣ፤ አስፋልቱን ሞላው፣ ብስክሌተኛውም ጠርዝ ይዞ እየተሳቀቀ መሄድ ጀመረ። በግንቦት 2016 በተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ ለብስክሌት መንገድ እንደተለየለት ሳይ ደስ ብሎኛል፤ መንገድ ብቻውን ግን ብስክሌተኛ አይፈጥርም።

የብስክሌት ውድድር ለአገራችን አዲስ አይደለም። እነ ገረመው ደንቦባ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ኦሊምፒክ ላይ ኢትዮጵያን ወክለው ጋልበዋል። ችግሩ ዛሬ የውድድር ብስክሌት ከውጭ የሚመጣ፣ ዋጋውም የማይቀመስ መሆኑ ነው። የሰፈር ልጅ ቆሞ ያጨበጭባል እንጂ አይገባበትም። ስለዚህ ባለ ቀጭን ጎማውን ውድድር ለክለቦች እንተውና ሌላ እናድርግ፤ ኋላዋ ላይ መጫኛ ያላት፣ ማርሽ የሌላት፣ ሰኞ ሥራ የምታደርስ ብስክሌት ብቻ የምትገባበት። መጫኛውን ፈትቶ የመጣ አይወዳደርም። መንገዱ አጭር ዙር ይሁን፤ ከጊዮርጊስ አካባቢ ተነስቶ በሐይቁ ዳር ዞሮ የሚመለስ፣ ሕዝቡ አንድ ቦታ ቆሞ ብዙ ጊዜ የሚያየው። ካቴናው የወለቀበት እዚያው ወርዶ በእጁ ይመልስ፤ ጠጋኙም ከዳር ሆኖ ይጩህ። ለሴቶች የራሳቸው ዙር ይኑራቸው፤ ለአዛውንቶችም እንዲሁ፤ የድሮ የፋብሪካ ሠራተኞች ይቅደሙ አይቅደሙ እናያለን።

ወጪው ብዙ አይደለም። ከተማ አስተዳደሩን የምለምነው፣ ፈጣሪ ሰላሙን ያውርድልንና፣ አንድ እሑድ ጠዋት መንገዱን ለሁለት ሰዓት እንዲዘጋልን ብቻ ነው። ብስክሌት ጠጋኞች፣ በሰዓት የምታከራዩ፣ በልጅነታችሁ ተከራይታችሁ የነዳችሁ፣ ሐሳባችሁን ከታች ጻፉልኝ። ዙሩ በየት በኩል ቢሆን ይሻላል?