ጫጩቶቹ ለምን ሰማይ ያያሉ?

እዚህ ሸኮ አንዲት እናት ጫጩቶቻቸው አልወፍር ብለዋቸው ጠሩኝ። እኔም ቸኩዬ «ጥሬ ጨምሩላቸው» ብዬ ሄድኩ። በሳምንቱ ስመለስ ጥሬው ግቢው መሃል እንደተበተነ ነው። «ልጄ፣ እነሱ እኮ ሰማይ ሰማዩን ነው የሚያዩት» አሉኝ። ለካ ጭልፊት ለምዷቸዋል!

በአይጦች ላይ እንደተጠናው፣ አንጎል ውስጥ ሃይፖታላመስ የሚባለው ክፍል «ብላ» ሲል አሚግዳላ የሚባለው «ተጠንቀቅ» ይላል። አደጋ ሲቀርብ ምግቡ ይተዋል፤ ረሃቡ ሲጠና ግን ፍርሃቱን ይጫነዋል፣ ደፍሮ ይወጣል። የኛም ጫጩቶች ከዚህ የሚርቁ አይመስለኝም።

ጥሬውን ከቤቱ ጥግ፣ ቡናው ሥር አደረግነው። ወዲያው ይጭሩ ጀመር። እናንተም ስታበሉ ትንሽ ቆማችሁ እዩ፤ አንገታቸውን ቶሎ ቶሎ ቀና ካደረጉ ቦታውን ቀይሩ። ሁለቱን ግን በዚያች ሳምንት ጭልፊት ወስዷቸዋል፤ ሳልጠይቅ የመከርኩት እኔ ነኝ።